አንጀታችሁ የሚደማው ኢሚዩኒቲያችሁ ደክሞ አይደለም፣ እና ሌሎች በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ማታ ማታ ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፣ ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን አላርፍም ምክንያቱም የሰፈር ሰው አንዴ ስራህን ካወቀ ስለ መድሃኒት መጠየቁ አይቀርም። አሁን የማወራው ስለ ጨጓራ አይደለም። ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ስለሚባሉት የአንጀት ቁጣዎች ነው፣ ወራት የሚቆይ ተቅማጥ፣ ደም፣ ቁርጠት፣ ክብደት መቀነስ ያለባቸው።

በጣም የምሰማው ስህተት "ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር ስጠኝ" ነው። አንዲት እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ ለልጃቸው ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው፣ ሽፈራው አፍልተው፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ አብልተው ሲያቅታቸው መጡና "ልጄ፣ ሰውነቷ መከላከል አቅቶት ነው፣ ቪታሚን ምናምን የለህም?" አሉኝ። እኔም "አብሽሩ እትዬ፣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው" አልኳቸው።

እንዴት መሰላችሁ፣ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊየን የሚቆጠር ባክቴሪያ ይኖራል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤታችን ነው። ከአንጀቱ ግድግዳ ወዲህ ደግሞ ኢሚዩን ሴሎቻችን፣ ማለትም የሰውነት ጠባቂዎቹ፣ ተኮልኩለዋል፣ እዛ አንጀት ዙሪያ በጣም ብዙ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ጠብ የማይነሳው ሴሎቹ ደካማ ስለሆኑ ሳይሆን መሃል የሚገባ ስላለ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ተጣልቶ ደም ሊፋሰስ ሲል አበጋር ገብቶ ያስታርቅ የለ? ከኢሚዩን ሴሎቹ መሃል ሬጉላቶሪ ቲ ሴል የሚባሉት ልክ እንደዛ ናቸው፣ ሌላውን ሴል "ተው፣ ይሄ ጎረቤት ነው" ይላሉ። በሽታው ሲነሳ ግን የአበጋሩ ቃል አይሰማም። ማክሮፌጅ የሚባሉ ጀርም የሚውጡ ኢሚዩን ሴሎች ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 23 የሚባሉ መልእክቶች ይረጫሉ፣ በዛ ጥሪ ሌሎች ቲ ሴሎች ይቆጣሉ፣ ከደም ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች እየጎረፉ ይመጡና ያገኙትን ሁሉ ያቃጥላሉ፣ የራሳችንን ግድግዳ ጭምር። ግድግዳው ሲሸነቆር ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያ ሲገባ ሌላ ጥሪ፣ ሌላ ጥሪ ሲኖር ሌላ ሴል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ለምን እንደሚጀምር ሲጠየቅ ዘርም፣ ባክቴሪያውም፣ አኗኗርም ድርሻ አላቸው፣ ኖድ2 የሚባለው ጂን ከክሮንስ ጋር እንደሚያያዝ የታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ነው። እና እዚ ላይ "ኢሚዩኒቲ ልጨምር" ማለት ለተጣላ ሰው ዱላ ማቀበል ነው የሚሆነው። ማሩና አዝሙዱ እንደ ምግብ ይሁን፣ እኔን የሚያናድደኝ በሱ ተማምኖ የታዘዘ መድሃኒት መተው ነው።

ሌላው "የደም ምርመራዬ ኖርማል ነው፣ ነጭ ደም ሴሌ አልበዛም" ብሎ መዝናናት። ጠቡ ያለው አንጀት ግድግዳ ላይ እንጂ ክንዳችሁ ላይ አይደለም፣ ከክንድ የተቀዳ ደም ዝም ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ካልፕሮቴክቲን የሚባል ነገር ሰገራ ውስጥ የሚፈለገው፣ ከኒውትሮፊል የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ከፍ ካለ አንጀት ውስጥ ቁጣ አለ ማለት ነው፣ ግን ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚ የበሽታውን ስም አይነግራችሁም። ስሙን የሚነግረው ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በካሜራ ማየት) እና ባዮፕሲ (ከግድግዳው ትንሽ ቁራጭ ወስዶ መመርመር) ነው።

ደም ባየ ቁጥር "አሜባ ነው" ብሎ ፍላጅል መግዛት ደግሞ የኛ አገር በሽታ ነው ልበል? አሜባም አለ፣ ቢልሃርዚያም አለ፣ አልክድም። ግን ለአራተኛ ጊዜ ፍላጅል ልትገዛ ከመጣህ እኔ ጋር ሳይሆን ሀኪም ጋር ነው መሄድ ያለብህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድሃኒት ነው። አንዱ ለጎረቤቱ የታዘዘውን ተበድሮ ይጀምራል፣ ደሙ በሳምንት ይቆማል፣ ምግብ ይወስዳል፣ ፊቱ ክብ ይላል፣ ሰውም "ማሻአላህ፣ ተስማማህ፣ ወፈርክ" ይለዋል። ወላሂ ያ ውፍረት ጤና አይደለም፣ መድሃኒቱ ነው ፊት የሚያሳብጠው። ስቴሮይድ እየመረጠ አይሰራም፣ ጠበኛውንም ጠባቂውንም ሴል አንድ ላይ ዝም ያሰኛል። የያዛችሁ አሜባ ከሆነ ዝም ባለ ሰውነት ላይ ይፈነጫል፣ አንጀት እስከመብሳት ይደርሳል። ደሞ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆመው ሌላ አደጋ አለ፣ ሰውነት ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ የምትሰራውን የራሱን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አቁሞ ስለሚቆይ ሰውየው ሊዝለፈለፍ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። በሀኪም ትእዛዝ ቀስ እየተባለ ነው የሚወረደው፣ ልክ ሀረጎን በአነስተኛ ማርሽ እንደምትወርደው።

ከዚ ጋር የሚያያዘው ቲቢ ነው፣ ይሄን ሳላሰምርበት ባልፍ ይቆጨኛል። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ፣ ሁለቱም ግራኑሎማ ይሰራሉ። ግራኑሎማ ማለት ማክሮፌጆች ተጠጋግተው የሚሰሩት አጥር ነው፣ የቲቢ ባክቴሪያን ከቦ የሚያስቀምጠው ያ አጥር ነው፣ አጥሩን አቁሞ የሚይዘው ደግሞ ያ ቅድም አንጀት ያቃጥላል ያልኳችሁ ቲኤንኤፍ ነው። አያችሁ ነገሩን? ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መድሃኒት ቲኤንኤፍን ይይዛል፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለክሮንስ ሲፈቀድ ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን ተኝቶ የነበረ ቲቢንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚ "ውጭ ያለው ወንድሜ ይላክልኝ" የምትሉ ሰዎች፣ መጀመሪያ ቲቢ ትመረመራላችሁ። ከዚ በፊት ቲቢ ታክማችሁ ከነበረም፣ ቤታችሁ ያሳለ ሰው ከነበረም፣ አፍራችሁ ለሀኪሙ አትደብቁት።

አዛታዮፕሪን የታዘዘላቸው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት "አልሰራልኝም" ብለው ይጥሉታል። ሁለት ሶስት ወር ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የሚሰራው ቲ ሴሎች እንዳይባዙ በማድረግ ነው እንጂ እንደ ማስታገሻ ወዲያው አይደለም። በየጊዜው የደም ምርመራም ይፈልጋል፣ እሱን አትዝለሉ። የተሻለው ሰውም "ድኛለሁ" ብሎ ያቆማል፣ የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች ግን አንጀት ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ለቁርጠት ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን መዋጥ፣ ተዉት፣ አንጀቱን የባሰ ሊያስነሳው ይችላል። ሲጋራ ክሮንስን ያከፋል፣ አለቀ። በርበሬስ ለሚሉኝ፣ በርበሬ በሽታውን አያመጣም፣ ሲነሳባችሁ ግን ሊያቃጥል ይችላል፣ ያኔ አልጫ ብሉ፣ ሲተዋችሁ ወጡን መልሱ።

ሴትዮዋ በኋላ ልጅቷን ይዘዋት ተመለሱ፣ ባዮፕሲ ተሰርቶላት አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው ተብላለች፣ ሰልፋሳላዚን የሚባል የአንጀት ቁጣ ማብረጃ ኪኒን ታዞላታል። ሽፈራውስ ልተወው ወይ አሉኝ። ሻዩን ጠጡት፣ ኪኒኑን ግን በሰአቱ ስጧት አልኳቸው፣ ሳቅ ብለው "አንተም አበጋር ሆንክ" ብለውኝ ሄዱ።