ያለ ፍላሽ በምሽት የመንገድ ላይ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ሆኖም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በከተማዋ ጎዳና ላይ ፎቶ ለማንሳት የሚወጣ ሰው፣ ብርሃን ያነሰው ስለሚመስለው ፍላሽ ማብራት ይዳዳዋል። ፍላሽ ግን ከካሜራው አቅጣጫ ፊት ለፊት ስለሚመታ የፊትን ጥላ ይደመስሳል፣ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ጎዳና አጨልሞ ያስቀራል፣ መንገደኛውን ያስደነግጣል፣ ጭነት የያዘ አህያም ያስበረግጋል። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ምሽቱን ምሽት ያሰኘውን ብርሃን ማጥፋቱ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጎዳናው ላይ ያለውን ብርሃን ከመፈለግ ነው።

በመጀመሪያ ካሜራውን ከቦርሳ ሳያወጡ አንድ ጊዜ መንገዱን ይዙሩት። የሱቅ ደጃፍ አምፖል፣ የመንገድ መብራት፣ የባጃጅ የፊት መብራት፣ የቡና ምድጃ ፍም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በየሱቁ የሚለኮሰው ሻማ፣ ሁሉም ሊያገለግሉ ይችላሉ። የእያንዳንዱን አቅጣጫና ስፋት ያስተውሉ፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ የሱቅ በር ሰፊ ስለሆነ ጥላው ለስላሳ ሲሆን፣ ከላይ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ግን ዓይንን በጥላ ይሸፍናል። ርቀቱም ወሳኝ ነው። አንድ ሰው ከአምፖሉ 1 ሜትር ርቆ ከነበረበት ወደ 2 ሜትር ቢሸሽ፣ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ አንድ እርምጃ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

ቀጥሎ ካሜራውን ያዘጋጁ። የሌንሱን ቀዳዳ የቻለውን ያህል ይክፈቱት፤ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 2 የሚደርስ ሌንስ ካለ እሰየው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። የሚራመድ ሰው እንዳይደበዝዝ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/125 ሰከንድ፣ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ደግሞ 1/60 ያድርጉ፤ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት፣ ከ1600 እስከ 6400 ባለው መካከል እንደ ብርሃኑ ይወስኑ። ፎቶው ጥቂት ቢሻክርም አይዘኑበት፤ ሻካራ ምስል ከተደበዘዘ ምስል ይሻላል። ካሜራው ጨለማውን አይቶ ፎቶውን ያለልክ ስለሚያበራው፣ መጋለጡን፣ ማለትም ወደ ካሜራው የሚገባውን የብርሃን መጠን፣ አንድ ደረጃ ያህል (በግማሽ) መቀነስ አምፖሉና ነጭ ጋቢው እንዳይነጡ ይረዳል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የበቆሎ ጠባሽ ፍም ነው። በክረምቱ ማብቂያ ከቆላው እሸት በቆሎ ሲመጣ፣ ጠባሿ እናት ከሰሉን በማራገቢያ ስታራግብ ፍሙ ይቀላል፣ አገጯና ጉንጯ ከታች ወደ ላይ ይበራሉ፣ ማራገቢያው ሲያርፍ ደግሞ መልሶ ይደበዝዛል። ስለዚህ ማንሳት ያለብዎት ማራገቢያው በተወዛወዘበት ቅጽበት ነው። በዚያው ቅጽበት የጋቢዋ ነጭ ጠርዝ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ፊቷ ይመልሰዋል፤ በመሣሪያ ሊገዛ የማይችል አንጸባራቂ ነው። ነገር ግን አስቀድመው ቀርበው «እንደምን አመሹ እናቴ?» ብለው ሰላምታ ይስጡ፣ ፈቃዷንም ይጠይቁ፤ የፈቀደች እናት ሥራዋን ስለምትቀጥል ፎቶው ከተሰረቀ ፎቶ የተሻለ ይሆናል።

የቀለም ጉዳይ ብዙዎችን ያሳስታል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይቀላል። የሻማ ብርሃን ወደ 1,900 ኬልቪን፣ የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ወደ 2,700፣ የቀን ፀሐይ ወደ 5,500 ገደማ ነው። ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን ቅንብር) ለካሜራው ከተዉለት የፍሙን ቅላት ሊያቀዘቅዘው ስለሚሞክር፣ በእጅ 3,500 አካባቢ ላይ ያቁሙት። በኤልኢዲ አምፖል ብርሃን ሲያነሱ ደግሞ ፎቶው ላይ አግድም ጭረቶች ከታዩ፣ ምክንያቱ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስና ርካሽ አምፖሎች በዚያው ሳቢያ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገቡ ነው። የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/100 ወይም 1/50 ቢያወርዱት ጭረቱ ይጠፋል።

ሰዓትም የብርሃን ምንጭ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያሉት 20 ደቂቃዎች ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ከሱቆቹ መብራት ጋር የሚመጣጠንባቸው ናቸው፤ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ግን ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳልና ቦታዎን ቀድመው ይያዙ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ተራራማ ቦታ፣ ወደ ጣርማ በር፣ ሲዘልቁ ሌላ ዕድል አለ። ጉሙ ሲወርድ የመኪና መብራት በጉሙ ውስጥ ተበትኖ ሰፊ ነጭ ግድግዳ ይመስላል፤ ጋቢ የተደረበ ሰው በመካከሉ ሲያልፍ ጥቁር ቅርጹ ብቻ ጎልቶ ይታያል። መጋለጡን ለጉሙ ይለኩ እንጂ ለሰውየው አይለኩ። መንገዱ ጠመዝማዛና እይታው አጭር ስለሆነ ከአስፋልቱ ወጥተው፣ ሹፌሮች ሊደርሱበት በማይችሉት ቦታ ይቁሙ።

የቡሄ ችቦና የመስከረም 16 ደመራ ከሁሉ ደማቅ ቢሆኑም አስቸጋሪ ናቸው፤ ካሜራውን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ነበልባሉ ወደሚያበራቸው ፊቶች ያዙሩ፣ መለኪያውንም ከፊቶቹ ይውሰዱ። ሌላ ብርሃን ፈጽሞ ከጠፋ ጓደኛዎ የስልኩን መብራት በነጠላ ሸፍኖ ከጎን፣ ከፊት ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝልዎ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫውን በደረት ኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ ይያዙት፤ የደከመውም ጥቂት ደቂቃ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ፎቶ የሚበቃ ኃይል ይመልሳል።