ድምፅ ከመጨመራችሁ በፊት፦ ባንድ ለጀመራችሁ ልጆች

ባለፈው ቅዳሜ ካዛንቺስ አንድ ምድር ቤት ውስጥ አራት ልጆች የመጀመሪያ ሾዋቸውን ሲጫወቱ አየሁ። ጎበዞች ናቸው። ድራመሩ በተለይ እጁ ይገርማል። ግን ሰባት ዘፈን ሲጫወቱ አንድ ቃል አልሰማሁም። ዘፋኟ የአንገቷ ደም ስር ተገትሮ ትጮሃለች፣ እኛ የምናየው አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ቢራቸውን እንደያዙ ወደኔ ጠጋ ብለው «ልጅቷን ምን አድርገዋት ነው?» አሉኝ።

ሲጨርሱ ጊታሪስቱ ላብ በላብ ሆኖ መጣና «እንዴት ነበር ብሮ?» አለኝ። «አሪፍ ነበር» አልኩት። ዋሸሁ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይሄንን መጻፍ ጀመርኩ። በፒያሳና በአራት ኪሎ መሀል ጊታር ተሸክሜ ስመላለስ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ጥፋቶች በሌሎች ላይ አይቻለሁ፣ አብዛኞቹን ደግሞ ራሴ ሠርቻለሁ። ጊታር ስለመቃኘት ግን አልነግራችሁም። ሳይቃኝ መድረክ የሚወጣ ሰው ቢቀር ይሻለዋል።

ድምፅ መጨመር

ነገሩ ሁሌ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ድራም በተፈጥሮው ይጮሃል፣ ሶኬት አይፈልግም። ጊታሪስቱ ራሱን መስማት ያቅተውና አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ቤዝ ተጫዋቹ ይሄን አይቶ እሱም ከፍ ያደርጋል። ድራመሩ ያነሰ ይመስለውና ክንዱን ከትከሻው ማንሳት ይጀምራል። በሶስተኛው ዘፈን ሁሉም ጣሪያ ነክቷል። የቀረችው ዘፋኟ ናት፣ እሷ ደግሞ ያላት ጉሮሮ ብቻ ነው። ሳውንድማኑ አዝኖላት ማይኳን ሲጨምርላት ሞኒተሩ (ራሷን እንድትሰማ ወደሷ የዞረው ስፒከር) «ዊይይይ» ብሎ ይጮሃል። ያኔ አራታችሁም ዞራችሁ እሱን በግልምጫ ታነሱታላችሁ።

ተዉት እሱን! ምን ያድርግ? ማይኩ የሚሰበስበው የልጅቷን ድምፅ ብቻ አይደለም። ከጀርባዋ ያለውን የድራም ሲምባልና አምፕም ይሰበስባል። እሷን ከፍ ባደረገ ቁጥር እናንተንም ከፍ እያደረገ ነው።

የ50 ዋት አምፑን ሸጦ የ100 ዋት የገዛ ልጅ አውቃለሁ። እጥፍ ይጮሃል ብሎ ነው። አይጮህም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ሆነ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፣ እሱም አስር እጥፍ ዋት ማለት ነው። ልጁ የከፈለውን ልዩነት ብር ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

መፍትሄው የቢራ ሳጥን ነው። የምሬን ነው። አምፑ መሬት ላይ ሲቀመጥ ድምፁ በባታችሁ ስር አልፎ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ግንባሩን ይለዋል፣ እናንተ ጋ ግን አይደርስም። ባዶ ሳጥን ከቡና ቤቱ ለምኑ፣ አምፑን ላዩ ላይ አውጡት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል አድርጉትና ወደ ጆሯችሁ አቅጣጫ ይሁን። ወዲያው «ኧረ በዛ!» ብላችሁ ራሳችሁ ትቀንሱታላችሁ። ዲስቶርሽኑንም፣ ያንን የጊታሩን ሻካራ ድምፅ፣ እንደዚያው። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትጫወቱ ያበደ የነበረው ድምፅ ከባንድ ጋር ጭቃ ይሆናል። ጌይኑን (ሻካራነቱን የሚጨምረውን ቁልፍ) ቀንሱ፣ ሚድሉን (መካከለኛውን ድምፅ) ግን አትቁረጡት፣ ጊታር ከሌላው ተለይቶ የሚሰማው እዚያ ጋ ነው።

«ሮክ እኮ ነው፣ መጮህ አለበት» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ሮክን ከባድ የሚያደርገው ግን አራት ሰው እኩል ቆሞ እኩል መግባቱ ነው። ዝም ያላችሁባት ግማሽ ምት ከሁሉም በላይ ትጮሃለች።

ጆሮን በተመለከተ፦ በተለመደው መመሪያ 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ በደንብ የተመታ ድራም 100ን ያልፋል፣ የኛ ልምምድ ደግሞ ሶስት ሰዓት ነበር። እኔ የምቆመው ከሲምባሉ በስተቀኝ ነው። ዛሬ ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ፌንጣ ይኖራል። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ኪራይ አይከፍልም፣ ሌሊት ሌሊት ይዘፍናል። የጆሮ መድፈኛ ግዙ። ሶፍት ጠቅልሎ መወተፍ አይበቃም፣ ሞክሬዋለሁ።

ከአሜሪካ የመጣ አምፕ

የአክስቴ ልጅ ከዲሲ ሲመጣ አምፕ አመጣልኝ። እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልኩት። የሶኬቱ እግር ስላልገጠመ ከመርካቶ ማስማሚያ ገዛሁ፣ ሰካሁት፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ጠብ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ። አከራያችን እማማ ከጓዳ «ቡናው አረረ እንዴ?» አሉ። አምፑ ነው ያረረው።

ማስማሚያ የሚያስማማው እግሩን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። አንዳንዱ የቮልት መቀየሪያ አለው፣ ከሌለው ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ እሱም አምፑ ከሚወስደው ኃይል በላይ መሸከም የሚችል መሆን አለበት። የተቃጠለውን ደግሞ ራሳችሁ አትክፈቱት፣ በተለይ ውስጡ አምፖል (ቲዩብ) ያለበት አምፕ ከሆነ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ገዳይ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀሉ። ሲመለስ ነው የሚያቃጥለው።

ሌላው ሶስተኛዋ የሶኬት እግር ናት። የግድግዳው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ሲሆን በፒንሳ የሚቆርጧት አሉ። እሷ የመሬት መስመር ናት። እሷ በሌለችበት ጊታራችሁን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ልትነዘሩ ትችላላችሁ። እኔን አንድ ጊዜ ነዝሮኝ በመሀል ግጥሜን ረስቻለሁ። ሰው ስሜት ውስጥ የገባሁ መስሎት አጨበጨበ።

«ገና ነው»

አንድ ዘፈን ነበረን፣ አዝማቹ «ገና ነው፣ ገና ነው» የሚል። ያልደረሰ፣ ብዙ መንገድ የሚቀር ለማለት ነው። ዜማውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለጊታሩ ሪፍ (እየተደጋገመች ለምትመጣው አጭር ዜማ) እንዲመቸኝ ብዬ «ና»ዋን ከባዱ ምት ላይ ጣልኳት። እንደዚያ ሲዘፈን ቃሉ ሳይፈልግ ይጠብቃል። ስንጨርስ አንዲት ልጅ መጥታ «በጣም ደስ ይላል፣ ግን የገና ዘፈን በየካቲት?» አለችን።

ከእንግሊዝኛ ሮክ ዜማ ተምራችሁ አማርኛ ስትጽፉ ይሄ ያገኛችኋል። የኛ ቋንቋ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ትርጉሙም አብሮ ይቀየራል። «ይሰማል» ሲላላ ልጁ ያዳምጣል ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ድምፁ ይደርሳል ነው። ቅዳሜ ዕለት ከሆነ ሁለቱም አልነበሩም። ግጥሙን ዜማ ከማልበሳችሁ በፊት ለጓደኛ እንደምታወሩ አድርጋችሁ አንብቡት፣ የጠበቀው የት እንደሆነ ምልክት አድርጉ፣ ከባዱን ምት እዚያ ስጡ። አማርኛውን ደግሞ በአፍንጫ እያወጣችሁ አሜሪካዊ አታድርጉት፣ እባካችሁ።

ቅኝት ላይ ኮርድ መጫን

ይሄ ትንሽ ቴክኒክ ነው፣ የማትፈልጉ ዝለሉት። ሮክ ጊታሪስት ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት ማይነር ፔንታቶኒክ የምትባል ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አለች፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። ባቲ ማይነር የምንለው ይቺው ናት። ስለዚህ «ሮክና የኛ ቅኝት አይሄዱም» የሚሉትን አትስሟቸው፣ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሰሟት የኖራችሁት ናት። ልዩነቱ አወራረዱና ማጠፊያው ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንቺሆዬ ላይ ነው። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። አንድ ልጅ በዚህ ቅኝት አሪፍ ዜማ ይዞ መጣና ከስሩ ሲ ፓወር ኮርድ (ሲና ጂ አንድ ላይ) እየደበደበ «ለምን ይጎረብጣል?» ይለኛል። ፓወር ኮርድ ውስጥ ጂ አለች፣ ቅኝቱ ደግሞ ጂ ፍላት ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ዲስቶርሽን ተጨምሮባቸው፣ እንዴት አይጎርብጥ? ወይ ነጠላ ኖታ ተጫወቱ፣ ወይ ቤዙ አንዱን ድምፅ ይዞ ይቁም። አምባሰል ላይ ግን ጂ ስላለች ሲ ፓወር ኮርድ በደንብ ይቆማል፣ እዚያ እንደልባችሁ።

ድራመሮች፣ ችክችካ ስድስት በስምንት ነው። አራት እየቆጠራችሁ አትግቡበት።

የገንዘብና የቀጠሮ ነገር

ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። ግማሹን። «ስማችሁ ይታወቅላችኋል» የሚል ሰው የራሱን ድንኳን አከራይ በስም አይከፍለውም።

ቀን ስትይዙ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። አንድ የውጭ ዜጋ አዘጋጅ «ቅዳሜ 8 ሰዓት» ብሎ ጻፈልን፣ እኛም ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ድራም ተሸክመን ደረስን። እሱ ማታ 2 ሰዓት ማለቱ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ስንጠጣ ዋልን፣ ማኪያቶው የተከፈለንን ብር ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ሁዳዴንም አትርሱ። 55 ቀን ሠርግ የለም፣ ብዙ ቤቶችም ሙዚቃ ይቀንሳሉ። የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ያን ጊዜ አዲስ ዘፈን ለመቅረጽ አስቀምጡት።

የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደሆነ ገና እየተዋደዳችሁ ጻፉት። እኛ አገር ልማዱ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ብሎ በሶስት መክፈል ነው። ባንድ ውስጥ ግን ዘፈን የሚወለደው ልምምድ ላይ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ በጨዋታ የመታት ነገር ዘፈኑን ሙሉ ትሸከማለች፣ ታዲያ ዜማ ናት ወይስ ቅንብር? በዚህች ጥያቄ ምክንያት አንድ ጓደኛዬን ሁለት ዓመት አላናገርኩትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ድረስ መብት ይሰጠዋል። ልጆቻችሁ የሚጣሉበት ጊዜ ሁሉ አለ ማለት ነው። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አራት ፊርማ፣ በቃ።

መለዋወጫ ክርና ሁለት ትርፍ ጃክ ሳትይዙ አትውጡ። ይሄንን እንኳን መናገር አልነበረብኝም።

ጎረቤት

የመጀመሪያው ልምምድ ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ፒያሳ ሳይፈርስ በፊት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፈን ድምፅ ያገድን መስሎን ነበር። ምንም አያግድም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ያለዝበዋል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን አይነካውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጀርባ በር ገብተን ጀመርን። አዲስ ዘፈን ነበር፣ ሁላችንም ሞቅ ብሎናል። ወደ አርባ ደቂቃ ከተጫወትን በኋላ በሩ ተከፈተ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አልተቆጡም። ዝም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ድራመሩ መጀመሪያ አያቸውና ዱላው ከእጁ ወደቀ። በፊት በር ብንገባ ኖሮ ድንኳኑን እናየው ነበር። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ነበር የተተከለው።

«ልጆቼ፣ ሟቿ ጎረቤታችሁ ነበረች» አሉና ሄዱ።

ሶስት ቀን ጊታር አልነካንም። የእድሩን ወንበር ተሸከምን፣ ውሃ ቀዳን፣ ንፍሮ አዞርን። ማንም ስለ ጩኸቱ አላነሳብንም፣ እሱ ደግሞ ባሰብን። ከዚያ በኋላ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት አንዳችን ወጥቶ ሰፈሩን ዞር ብሎ ያያል፣ እማማንም «ዛሬ ይቻላል?» ብለን እንጠይቃለን። በአራተኛው ሳምንት ከመጠየቃችን በፊት እሳቸው ቀደሙን። ጀበናውን እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ አሉና «ምነው ዛሬ ዝም አላችሁ? ያቺን የምትቆሙባትን ምቱልኝ እስቲ» አሉ።