ጭንቅላታችሁ አላርፍ ሲል መርፌና ክር ያዙ

ስፌት ስል ማሽን ማለቴ አይደለም፣ ዲዛይነር ሁኑም እያልኩ አይደለም። መርፌ፣ ክር፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ከዛ ቀስ ብሎ መውጋትና መሳብ፣ በቃ። እኔ የጀመርኩት የተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ ልተክል ቁጭ ብዬ ነው፣ ቁልፉን ጨርሼ ግን መርፌውን ማስቀመጥ አላሰኘኝም፣ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር የዋለው ጭቅጭቅ ሳላውቀው የሆነ ቦታ ቀርቷል። ከዛ በኋላ ቁልፍ ባይበጠስም እሰፋለሁ 😄

አስማት የለውም። እጅ አንድ አይነት እንቅስቃሴ ሲደጋግም፣ ዓይንም አንዲት ነጥብ ላይ ሲውል ሐሳብ የሚሮጥበት ቦታ ያንሰዋል፣ ደሞ ሁለቱም እጃችሁ ስለተያዘ ስልክ መነካካት የለም። በዚህ ላይ ደግሞ ትንፋሽ አለ፣ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ረገብ ይላል፣ ሰውነታችን እንዲሁ ነው የተሰራው።

ጨርቁ ጥጥ ወይ ሊነን ይሁን፣ ሽመናው ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ አሪፍ ነው ምክንያቱም መስመር ሳታሰምሩ የጨርቁን ክር ተከትላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ያረጀ አንሶላ ይበቃል። እንደ ቲሸርት የሚለጠጥ ነገር ለመጀመሪያ ቀን ተዉት፣ ያናድዳል። የጥልፍ ክር ካላችሁ አብዛኛው ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ወይ ሦስቱን ብቻ ተጠቀሙ፣ ስትለዩ ግን አንድ በአንድ ምዘዙ፣ አንዴ ላውጣው ካላችሁ ተተብትቦ ሳትጀምሩ ትበሳጫላችሁ። መርፌ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጠን ቁጥሩን ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር መርፌው እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ለጀማሪ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ምረጡ።

ክሩን አንድ ክንድ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ፣ 45 ሴንቲሜትር አካባቢ። ደጋግሜ ከማስገባት ብላችሁ ካስረዘማችሁት መቋጠሩ አይቀርም። ጫፉን በመቀስ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ከዛ ክሩን በሁለት ጣት ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ መርፌውን ወደ ክሩ አምጡት እንጂ ክሩን ወደ መርፌው እየወረወራችሁ አትድከሙ።

ስፌቱ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ወደ ታች ወደ ላይ እያለ ቀጥ ብሎ የሚሄደው። ልብስ የሚሰፋ ሰው ለመፍጠን ብሎ አራት አምስቱን መርፌው ላይ ደርድሮ አንዴ ይስበዋል፣ እዚህ ጋ እሱን ነው የማንፈልገው። አንዴ ወደ ታች ውጉ፣ ክሩ እስኪያልቅ ሳቡ፣ ከዛ ወደ ላይ። እያንዳንዷ ስፌት 4 ወይ 5 ሚሊሜትር ብትሆን ጥሩ ነው። ስትወጉ አየር ሳቡ፣ ክሩን ስትስቡ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ትንፋሹን መቁጠር ካስጨነቃችሁ ተዉት፣ ትንሽ ከሰፋችሁ በኋላ ራሱ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ክሩን የምትስቡበት መንገድ። ጨርቁ የውስጣችሁን ያወራል፣ በቁጣ ስሰፋ ክሩን ሳላውቀው አጥብቄ እስበዋለሁና ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሲሆን ደሞ ክሩ ላልቶ እንደ ቀለበት ይንጠለጠላል። ስለዚህ ጨርቁ ሲጨማደድ ካያችሁ አትፍቱት፣ መጀመሪያ ትከሻችሁን ተመልከቱ፣ ጆሮአችሁ ስር ደርሶ ይሆናል፣ አውርዱት፣ መንጋጋችሁንም ፍቱት፣ ከዛ የተሰፋውን በአውራ ጣት ዳበስ ዳበስ አድርጋችሁ አስተካክሉና ቀጥሉ። ክሩ ጨርቁ ላይ ተኝቶ ሳይጎትተው ሲቀር ልክ ነው። እኔ የተጣመመውን አልፈታም፣ የትኛው ጋ እንደተናደድኩና የትኛው ጋ እንደተረጋጋሁ ቁራጩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ደስ ይለኛል።

ክሩ እየተጠመዘዘ ካስቸገረ መርፌውን ልቀቁትና በክሩ ተንጠልጥሎ ይሽከርከር፣ ራሱን በራሱ ይፈታል። ይቺን ማየት ራሷ ታረጋጋለች። ከተቋጠረ አትጎትቱ፣ በመርፌ ጫፍ መሃሉን ፈልቀቅ አድርጉት፣ አብዛኛው ገና ያልጠበቀ ነው።

ብርሃኑ በቀኝ ለምትሰፉ ከግራ ይምጣ፣ አለበለዚያ የእጃችሁ ጥላ ስፌቱ ላይ ያርፋል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር እዩ፣ ዓይን ይደክማል። አንገትም እንደዛው።

ትልቅ ፓተርን አትጀምሩ፣ "በዚህ ቀን እጨርሳለሁ" አትበሉ፣ ያኔ ሌላ ስራ ሆነ ማለት ነው። ጭንቀቱ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ከስራ የሚያስቀር ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ መርፌና ክር የሱን ቦታ አይተካም።

ስትጨርሱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታችሁ አጣጥፋችሁ አስቀምጡ። ሶፋ ላይ ረስታችኋት ከተነሳችሁ ያ ሁሉ መረጋጋት በአንድ ጩኸት ነው የሚያልቀው፣ ከራሴ ነው የምነግራችሁ።