ፒኤቹ አልመጣ ሲል፦ ደካማ አሲድ በጠንካራ ቤዝ

አራት ኪሎ አካባቢ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ፈተና ሲቃረብ «መልሱ ለምን አልመጣልኝም?» የማይል የለም። የሚፈለገው መልስ ፒኤች ነው፤ ፈሳሹ ምን ያህል አሲድ (ከ7 በታች) ወይም ቤዝ (ከ7 በላይ) መሆኑን የሚናገር ቁጥር። ደብተራቸውን ሳይ ስሌቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ቀመሩ ግን ያለ ቦታው ገብቷል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። 25 ሚሊ ሊትር፣ 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) አሴቲክ አሲድ አለን፤ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። ኬኤው፣ ማለትም የአሲዱን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር፣ 1.8×10⁻⁵ ነው፤ ፒኬኤው (የኬኤው ሎግ ምልክቱ ተገልብጦ) 4.74 ነው። ከቡሬት (መጠን የተጻፈበት ባለ መክፈቻ ቱቦ) 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ጠንካራውን ቤዝ፣ እንጨምርበታለን።

ገና ምንም ሳይጨመር ፒኤቹ 1 መጣ? አሲዱን ሙሉ በሙሉ እንደሚበታተን ጠንካራ አሲድ ቆጥራችሁታል። ኬኤውን በ0.1 አባዙና ስኩዌር ሩት አውጡ፤ ከዚያ ሎጉን ወስዳችሁ ምልክቱን ገልብጡ። ፒኤቹ 2.87 ይሆናል።

10 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ 4.74 ካገኛችሁ፣ ሁለቱን 0.1 በቀጥታ የበፈር ቀመሩ (ፒኤች = ፒኬኤ + ሎግ (አሴቴት/አሲድ)) ሎግ ውስጥ ከታችኋል። መጀመሪያ በሚሊሞል (ሚሊ ሊትር ሲባዛ በሞላር) ቁጠሩ። አሲዱ 2.5 ነበር፤ 1.0 ቤዝ ገባ። ስለዚህ 1.5 አሲድ ቀረ፣ 1.0 አሴቴት (አሲዱ ሃይድሮጂኑን ሲሰጥ የሚቀረው) ተፈጠረ። 4.74 + ሎግ (1.0/1.5) = 4.57። 4.74 የሚመጣው ግማሽ መንገድ ላይ፣ 12.5 ሚሊ ሊትር ሲገባ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው 25 ሚሊ ሊትር ላይ ነው። «አሲዱም ቤዙም አለቀ፣ ስለዚህ 7» ይላሉ። ይህ ለጠንካራ አሲድ ይሠራል። እዚህ ግን አሴቴቱ አለ። ከውሃ ሃይድሮጂን ይወስድና ሃይድሮክሳይድ ይለቃል። ኬቢውን፣ ማለትም የአሴቴቱን የቤዝነት ጥንካሬ፣ ለማግኘት 10⁻¹⁴ን ለኬኤ አካፍሉ፤ 5.6×10⁻¹⁰ ነው። በአሴቴቱ ሞላር አባዙትና ስኩዌር ሩት አውጡ፤ ሃይድሮክሳይዱን ይሰጣችኋል። ትክክለኛው ፒኤች 8.72 ነው። 8.87 ከመጣላችሁ መጠኑ 50 ሚሊ ሊትር መሆኑን ረስታችኋል፤ አሴቴቱ 0.05 ሞላር ነው እንጂ 0.1 አይደለም። 5.28 ከሆነ ደግሞ ያገኛችሁት ፒኦኤች (የሃይድሮክሳይዱ ሎግ ምልክቱ ተገልብጦ) ነው፣ ከ14 ቀንሱት። ይቺን መቀነስ እየረሱ ስንቱ ጎበዝ ልጅ ነጥብ እንደሚያጣ ሳይ ያሳዝነኛል።

30 ሚሊ ሊትር ላይ ካልኩሌተሩ ኤረር ካለ፣ አሲዱ አልቆ ሳለ የበፈሩን ቀመር እየተጠቀማችሁ ነው። የተረፈውን 0.5 ሚሊሞል ቤዝ ለ55 ሚሊ ሊትር አካፍሉ፤ ከዚያ ፒኦኤቹን አውጥታችሁ ከ14 ቀንሱ። 11.96 ይመጣል።

ላብ ውስጥ ቀለሙ ገና በጊዜ ከተቀየረ ኢንዲኬተሩን፣ በፒኤች ለውጥ ቀለሙን የሚቀይረውን ጠብታ፣ እዩ። ሜቲል ኦሬንጅ ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ፒኤች ይቀየራል፤ 8.72 ድረስ አይጠብቃችሁም። ፌኖልፍታሊን ወደ ሮዝ የሚቀየረው ከ8.2 እስከ 10 ስለሆነ ይስማማል። ሮዙ ቆይቶ ከደበዘዘ አትደንግጡ፣ ቤዝም አትጨምሩ። ከአየር የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 30 ሴኮንድ ያህል ከቆየ ቡሬቱን አንብቡ።