ሰኞ ባቲ ወርዶ የሬዲዮ ዘገባ መሥራት

አዲስ ሪፖርተር ሲሰጡኝ መጀመሪያ ይዤው የምወርደው ባቲ ነው። ያውም ሰኞ፣ ገበያው በሚደራበት ቀን። ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጎ ቁልቁል ነው። የወሎ ደገኛውና የአፋር ቆለኛው እዚያ ይገናኛሉ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው፣ የደላላው ጩኸት፣ የግመሉ ጉርምርምታ። ለሬዲዮ ሰው ሀብት ነው።

እንደደረሳችሁ ማንንም አትጠይቁ። መቅረጫውን ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል የገበያውን ድምፅ ብቻ ቅዱ። በኋላ ዘገባውን ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ስፌቱን የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው። የድምፅ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። ተሰነጣጥቆ የተቀዳ ድምፅ አይጠገንም። ማይኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር አርቁና ትንሽ ወደ ጎን ያዙት። ፊት ለፊት ከሆነ «ፍ» እና «ፕ» ላይ ትንፋሹ ይገባበታል። ማይኩን ግን ለማንም አታስይዙ! አንዴ ከያዘው መቀበያ የለውም።

ሽማግሌ ስታነጋግሩ ሰላምታውን አታሳጥሩ። «አብሽሩ» ብለው ዱአ ከጀመሩላችሁም አታቋርጧቸው፣ ቅዱት። ማን ያውቃል፣ የዘገባችሁ መክፈቻ ይሆናል። ከዚያ አጭር ጥያቄ ጠይቁ፦ «አባባ፣ ፍየል ዛሬ ስንት ገባ?» «የገበያውን ሁኔታ እንዴት ይገመግሙታል?» ካላችሁ የስብሰባ መልስ ነው የምታገኙት። አማርኛ የማይቀናው ሰው በራሱ ቋንቋ ይናገር። ትርጉሙ ከመግባቱ በፊት የገዛ ድምፁ ጥቂት ሰከንድ ይሰማ። ከባቲ መኪና ሳትይዙ ደግሞ ቅጂውን በማዳመጫ ስሙት፣ ሌላ ቦታም ገልብጡት።

ብዙው ጣጣ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ጋዜጣ አንባቢ ካልገባው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንጀራ እየጋገረች የምትሰማ እናት ግን አትመለስም። ለምሳሌ ይህን እዩ፦ «በወረዳው ባጋጠመው የመኖ እጥረት ምክንያት ለገበያ የሚቀርቡ የቁም እንስሳት ዋጋ ከፍተኛ ቅናሽ ማሳየቱን የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ገለጹ።» እስከ «ገለጹ» ድረስ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። እንዲህ ብትሉትስ? «የወረዳው ግብርና ኃላፊ እንደሚሉት መኖ ጠፍቷል። ገበሬው ከብቱን በርካሽ እየሸጠ ነው።» አለቀ።

«ተገለጸ» የሚል ሳይ ስክሪብቶዬን አነሳለሁ። ማን ገለጸው? «የሚመለከታቸው አካላት»ም ያው ነው። የትኛው ቢሮ እንደሆነ በስሙ ጥሩት። ቁጥርም አታብዙ። 12,487 ኩንታል የሚለው ለጆሮ «12 ሺህ ተኩል ገደማ» ቢሆን ማንም አይጎዳም። በጀት ወይም የሞተ ሰው ቁጥር ከሆነ ግን አታጠጋጉ።

ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ። የሰውና የቀበሌ ስም ላይ በተለይ ይህን አትርሱ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እዚያው ገበያ ላይ ሰውዬው ስሙንና አገሩን ራሱ ማይኩ ላይ ይበል። እናንተም እሱ እንዳለው በሉት።