የሐዋሳ ሐይቅ ወፎችን በመጠነኛ ካሜራ እንዴት ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

ወፎችን ፎቶ ማንሣት የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ ልግዛ?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቢመጣ ይሻላል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትሆንና ወፉ የት ላይ መቀመጥ እንደሚወድ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በርካሽ ሌንስ የሚያስቀና ፎቶ ያነሣል። ይህን ያላወቀ ግን ውድ ሌንስ ተሸክሞ ሐይቁን ሲዞር ይውላል።

ለጀማሪ ከሐዋሳ የበለጠ የሚመች ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ከተማዋ ያረፈችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሆነው ወደ ውኃው ሲመለከቱ ፀሐይ ከጀርባዎ ትወጣለች፤ ብርሃኗም ፊት ለፊትዎ ባለው ወፍ ላይ በሙሉ ያርፋል። ከሌላው ዳርቻ ይህን ብርሃን ለማግኘት እስከ ማታ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ መላጣ ትልልቅ ወፎች ሰውን ስለለመዱ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ።

ወሩንና ሰዓቱን ይምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ይጠራል፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይሰፍራሉ። ወንዱን የመስቀል ወፍ በደማቅ ላባው ማንሣት ከፈለጉ ግን ክረምቱ እንደ ወጣ መስከረም ላይ ይሂዱ።

በሐዋሳ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ቶሎ ከፍ ትላለች፤ ለስላሳውና ወርቃማው ብርሃን ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ቦታዎን ይያዙ። ከ3 ሰዓት በኋላ ጥላው ይከብዳል፣ የነጭ ላባ ዝርዝርም ይጠፋል። ከ4 ሰዓት ወዲያ ደግሞ ከውኃው ላይ የሚነሣው ትኩስ አየር ስለሚርገበገብ ርቆ ያለን ወፍ የትኛውም ሌንስ አጥርቶ አያነሣውም። ያኔ ቁርስ ይብሉ።

መሣሪያ

ለዚህ ሥራ ያገለገለ ካሜራ ይበቃል። አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያላቸው የኒኮንና የካነን ካሜራዎች ለወፍ እንዲያውም የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ በኒኮኑ ላይ ሲገጠም የእይታ ስፋቱ የ450 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል፤ በካነኑ ላይ ደግሞ 250 ሚሊ ሜትሩ 400 ያህል ይሆናል። በሐዋሳ ዳርቻ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ የስልክዎን መብራት በአንድ በኩል አብርተው በሌላው በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ቢያዩ አያሳስብም። የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር ካዩ ግን ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት። ቀጥሎ በቅርብና በሩቅ ባለ ነገር ላይ እያፈራረቁ ፎከስ ያድርጉ፤ የሚንገጫገጭ ወይም የሚዘገይ ከሆነ ለበራሪ ወፍ አይሆንም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎት ካሜራ ከሆነ የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ። 100-240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት የሶኬት አስማሚ ብቻ ይበቃዋል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ባይኖርዎት አይቸገሩ። ከአሮጌ ጂንስ እግር ላይ ሁለት ስንዝር ያህል ቆርጠው አንዱን ጫፍ ይስፉት፤ በሌላው ጫፍ ዚፕ ያድርጉበት። ባዶውን ይዘው ይሂዱና ሐዋሳ ገበያ ሲደርሱ ሽምብራ ወይም ምስር ይሙሉበት። እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሲሦው ባዶ ሲሆን ሌንሱ ይሰምጥበትና አይነቃነቅም። በሐይቁ ግድብ ጠርዝ፣ በድንጋይ ወይም በጀልባ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ከረጢት ከብዙ ትራይፖድ ይሻላል።

ትርፍ ባትሪና ትርፍ ሜሞሪ ካርድ፣ የአቧራ መንፊያ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቡኒ ወይም አረንጓዴ ልብስ ይበቃል።

ዝቅ ይበሉ

በጀማሪና በልምድ ባነሣ ሰው ፎቶ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ነገር መለየት ይቻላል፦ ካሜራው የነበረበት ከፍታ። ግድቡ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያነሡ ወፉ ከጭቃውና ከቆሻሻው ጋር ይደባለቃል። ወርደው ሲቀመጡ፣ የሚመች ከሆነም በደረትዎ ሲተኙ፣ ሌንሱ ከወፉ ዓይን ጋር ይተካከላል። ከኋላው ያለው ሁሉ ራቅ ያለ ውኃ ስለሚሆን ደብዝዞ አንድ ቀለም ይሆናል። ዓይን ለዓይን የተነሣ ተራ ዳክዬ ከላይ ቁልቁል ከተነሣ ብርቅ ወፍ ይበልጣል።

ነፋሱንም ይመልከቱ። ወፍ የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ነፋሱ እንደ ፀሐይዋ ከጀርባዎ የሚመጣ ከሆነ የሚያርፈው ሁሉ ፊቱን ለእርስዎ ይሰጣል። በተቃራኒው ከሐይቁ ከነፈሰ ጅራት ብቻ ስለሚያነሡ የተቀመጡ ወፎች ላይ ያተኩሩ።

ብርሃኑን ራስዎ ይለኩ

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል። ካሜራው በራሱ ሲለካ የሚያየው ወፉን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለውንም ጭምር ነው። አንድ ነጭ ሳቢሳ ከጥቁር የደንገል ጥላ ፊት ሲያልፍ ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ሳቢሳውም ላባው የማይለይ ነጭ ጨርቅ ይሆናል። ያው ወፍ ወደ ሰማይ ሲነሣ ደግሞ ብርሃን ይቀንስና ወፉ ይጠቁራል። በወፉ ላይ ያረፈው የፀሐይ ብርሃን ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው።

ስለዚህ ካሜራውን ሁሉንም ራስዎ በሚያስተካክሉበት "ኤም" በሚለው ላይ ያድርጉና የቆየውን ሕግ ይጠቀሙ፦ በሙሉ ፀሐይ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ) 16 ሲሆን የሸተሩ (ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነት ከአይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ አይኤስኦ 400 ቢሆን 1/400 ሰከንድ ማለት ነው። አፐርቸር 8 አራት እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ ከዚህ ተነሥተው ሲያሰሉ አይኤስኦ 400፣ አፐርቸር 8፣ ሸተር 1/1600 ሰከንድ ያገኛሉ። ይህ በሐዋሳ ፀሐይዋ በደንብ ከወጣች በኋላ ለአብዛኛው ወፍ ይሠራል። ገና እንደ ወጣች ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ አይኤስኦውን 800 ወይም 1600 ያድርጉትና ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ይቀንሱ። ለነጭ ወፍ ሸተሩን ወደ 1/2000 ያፍጥኑት። ከዚያ ካሜራው ነጩ የተቃጠለበትን ቦታ በብልጭታ እንዲያሳይ አድርገው አንድ ፎቶ ይሞክሩ፤ የሚያብለጨልጭ ላባ ካለ ገና ያፍጥኑ። ደመና ከመጣ ልኩን እንደገና መውሰድ እንዳይረሱ።

ፎከሱ ያለማቋረጥ የሚከተል ይሁን፤ ነጥቡን ዓይኑ ላይ ያሳርፉ። ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው በሮው ፋይል ያንሡ።

ወፉ ወደ እርስዎ እስኪመጣ ይጠብቁ

ወፍ የሚያሳድድ ሰው የሚያገኘው ጀርባ ነው። አንድ ጥሩ ቦታ መርጠው አንድ ሰዓት ቢቀመጡ በዙሪያዎ ያለው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል።

በሐይቁ ዳር ፊላና ደንገል ባለበት፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ባለ ዘንግ ላይ፣ ጀርባዋ ሰማያዊ ምንቃሯ ቀይ የሆነች ትንሽ ዓሣ አዳኝ ወፍ ትቀመጣለች። ዘልላ ብትሄድ አይከተሏት። ብዙ ጊዜ እዚያው ዘንግ ላይ ትመለሳለች፤ እርስዎም ፎከሱን እዚያ ላይ አድርገው ይጠብቋት። ዓሣ ይዛ ከተመለሰች ጣትዎ ቁልፉ ላይ ይሁን። ዓሣውን ከዘንጉ ጋር ደጋግማ ትቀጠቅጠውና አዙራ በጭንቅላቱ በኩል ትውጠዋለች። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ጥቁርና ነጩ ዓሣ አዳኝ ደግሞ በአየር ላይ ባለበት ሆኖ ክንፉን እያርገበገበ፣ ራሱን ሳያንቀሳቅስ ውኃውን ይመለከታል። ለመብረር ፎቶ መለማመጃ ከእሱ የተሻለ የለም፤ አንድ ቦታ ስለሚቆም ፎከስ ለመያዝ ጊዜ ይሰጣል። ሸተሩ ከ1/2500 እንዳያንስ። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ያለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ አንድ ብቻ አላት፣ እሱም ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ የተቆረጠ ነው።

ዓሣ አዳኙ ንስር ዛፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ከመነሣቱ በፊት ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ኩሱን ይጥላል። ይህን ሲያዩ ክንፉ ከፎቶው እንዳይቆረጥ ሌንሱን ትንሽ ወደ ሰፊ እይታ መልሰው ይዘጋጁ።

አባ ኮዳን ለማንሣት ትዕግሥት አያስፈልግም፤ የሚያስቸግረው ግርግሩ ነው። ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ ስለሆነ ለነጩ ይለኩ። ፊቱን ብቻ ሞልተው ሲያነሡት መላጣ ራሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ሳይቀሩ ይታያሉ።

ሰውንና ወፉን ያክብሩ

ዓሣ አስጋሪዎች ለእንጀራቸው ነው የመጡት። ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት "እንደምን አደራችሁ" ብለው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ፎቶውን እልካለሁ ብለው ቃል ከገቡም ይላኩ። ይህ ከምግባር ባለፈ ይጠቅማል፤ ወፉ የት እንደሚያድርና ጎጆው የት እንዳለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወፍ ለማስነሣት ድንጋይ መወርወር ነውር ነው። ጎጆ ሲያገኙ ቅርንጫፍ አይቁረጡ፣ አይጠጉት፤ ወላጁ በፍርሃት በራቀ ቁጥር እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። ለራስዎም ይጠንቀቁ። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ማታ ለግጦሽ ወጥቶ ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል። በጨለማ ብቻዎን ቄጠማ ውስጥ አይግቡ፤ በጉማሬና በውኃው መካከልም ፈጽሞ አይቁሙ።

ቤት ሲመለሱ

ሌንሱን ከመጥረግዎ በፊት አቧራውን በመንፊያ ያራግፉ፤ አለበለዚያ ጨርቁ አሸዋውን እየጎተተ መስታወቱን ይጭረዋል። ጉዞዎን ወደ አብያታና ሻላ ቀጥለው ከነበረ የሶዳው አቧራ ብረት ስለሚበላ የካሜራውን አካልና ማቆሚያውን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይና በተለየ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳያስቀምጡ ካርዱን አያጥፉ። ሲመርጡ ዓይኑ ያልጠራውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ይሰርዙ። ወፉ ትንሽ ሆኖ ከታየ ዙሪያውን መቁረጥ ይቻላል፤ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በግማሽ ቢቆረጥ እንኳ 12 ይቀረዋል፤ በኤ4 ወረቀት አጥርቶ ለማተም 9 ያህል ይበቃል። በየፋይሉ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የወፉን ስም ይጻፉ። ለሕዝብ ሲያሳዩ ግን ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ አይግለጹ፤ "ሐዋሳ ሐይቅ" ማለት በቂ ነው።