በጾታ ሽግግር ወቅት ሥራን የሚያሳጡ ስህተቶች

በጾታ ሽግግር ላይ ያለ፣ ማለትም ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ያለ ሰው፣ በዚሁ ምክንያት ከሥራ ሲባረር ጥፋቱ የአባራሪው ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ልበለው። ከዚህ በታች «ስህተት» እያልኩ የማነሳቸው ነገሮች የተበደለውን ሰው ለመውቀስ አይደሉም። ግን ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ፦ እውነት ይዞ ማስረጃ ያጣ ሰው ይሸነፋል። አሠሪው ፋይል አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ጊዜ አለው። ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ወሬዬ ሁሉ ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀን እና ስለ ገንዘብ የሚሆነው።

ያሉበትን አገር ሕግ ሳያውቁ መናገር

ለአለቃዎ «ሽግግር ጀምሬያለሁ» ከማለትዎ በፊት ያሉበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ይወቁ። ከሌላ አገር የተቀዳ ምክር ጉድ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ጋ መብት የሆነው ነገር ሌላው ጋ ሰውን ለአደጋ ያጋልጣል። ሕጉ በማይጠብቅዎት ቦታ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ማንም «ደፋር ሁን» ብሎ ቢገፋፋዎት፣ ነገ ኪራይዎን የሚከፍለው እሱ አይደለም።

ጥበቃ ባለባቸው አገሮችም ዝርዝሩ ይለያያል። በአውሮፓ መንገዱን የከፈተው በ1996 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ውሳኔ ነው። በእንግሊዝ ኮርንዎል አንድ የትምህርት ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ በመዝገቡ ላይ «ፒ» ተብሎ ብቻ የተጠቀሰ ሰው ሽግግር ሊያደርግ መሆኑን ተናግሮ ተሰናበተ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ስንብቱ የጾታ አድልዎ ነው አለ። የብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ ደግሞ ሽግግር የጀመረውን ብቻ ሳይሆን ሊጀምር ያሰበውንም ይጠብቃል። የሐኪም ወረቀት ወይም ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም። በ2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ሕግ ውስጥ «ጾታ» የሚለው ባዮሎጂያዊ ጾታ ነው ብሎ ሲወስን ብዙ ሰው ጥበቃው ያለቀለት መስሎት ነበር። ለሽግግር የተሰጠው ጥበቃ ግን አልተነሳም። ካናዳ በ2017 የጾታ ማንነትን በፌዴራል የሰብዓዊ መብት ሕጓ ውስጥ አስገብታለች።

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2020፣ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ሰውን ትራንስጀንደር (የጾታ ማንነቱ ሲወለድ ከተመዘገበለት የተለየ) በመሆኑ ማባረር ሕገወጥ ነው ብሏል። ውሳኔው የተመሠረተበት የፌዴራል ሕግ የሚሠራው ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ላይ ነው። በትንሽ ሱቅ ወይም ቢሮ የሚሠሩ ከሆነ የስቴትዎን ሕግ ማየት አለብዎት። ከ2025 ወዲህ የፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ይዞ ከመሟገት ወደኋላ ብሏል። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን አልተሻረም። ስለዚህ ሕጉ አለ ማለት የሚሟገትልዎ መሥሪያ ቤት አለ ማለት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ያጣሩ።

ነገሩን ለኮሪደር ወሬ መተው

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ለቅርብ ባልደረባው ነው። ያ ሰው ለሌላው ሹክ ይላል። ወሬው ከእርስዎ ቀድሞ አለቃ ጋ ይደርሳል። እዚህ ላይ ከኀፍረቱ በላይ የሚጎዳዎት ነገር አለ። ነገ ቢባረሩ አለቃው «እኔ ምንም አላውቅም ነበር» ማለት ይችላል። መቼ እንዳወቀ ካላሳዩ ደግሞ በዚያ ምክንያት እንደተባረሩ ማሳየት ይከብዳል።

ለመናገር ከወሰኑ በጽሑፍ ያድርጉት፤ ቀን ይኑረው። ኤሚ ስቲቨንስ የምትባል የሚሺጋን ሴት ያደረገችው ይህንን ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ባገለገለችበት የቀብር አገልግሎት ድርጅት ውስጥ፣ በ2013 ለአሠሪዋ ደብዳቤ ሰጠች። ከዚያ ወዲያ እንደ ሴት ለብሳ ሥራ እንደምትመጣ ጻፈች። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ተባረረች። ደብዳቤው ከሥራ አላዳናትም። ግን ድርጅቱ ለምን እንዳባረራት መካድ አልቻለም። ከላይ የጠቀስኩት የ2020 ውሳኔ ከተሰጠባቸው ሦስት መዝገቦች አንዱ የእሷ ነው። ውሳኔው ከመሰማቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብላ አረፈች።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በምን ስም መጠራት እንደሚፈልጉ፣ የሕክምና ፈቃድ የሚያስፈልግዎ ከሆነ በግምት መቼ እንደሆነ፣ ለባልደረቦች ማን እና እንዴት እንዲነግር እንደሚሹ ይጻፉ። የሕክምናውን ዝርዝር አይጻፉ። ማንም ሊጠይቅዎት አይገባም፤ ቢጠይቁዎትም የመመለስ ዕዳ የለብዎትም። ፈቃድን በተመለከተ የብሪታንያ ሕግ ግልጽ ነው፦ ለሽግግር ሲባል ከሥራ መቅረት ከሕመም ፈቃድ ባነሰ ዓይን መታየት የለበትም።

ሁሉንም በጭንቅላት መያዝ

ሰው በደልን አልረሳም ይላል። ስሜቱን አይረሳም እንጂ ቀኑን ይረሳል። ከስድስት ወር በኋላ «ሁልጊዜ ይሰድበኝ ነበር» ማለት ብዙ አይረዳም። «ማክሰኞ ዕለት ከስብሰባ በኋላ፣ እገሌ እና እገሊት እያሉ፣ እንዲህ አለኝ» ማለት ሌላ ነው። የተባለውን ቃል እንዳለ ይጻፉት። ማን እንደነበረ፣ የት እንደሆነ፣ እርስዎ ምን እንደመለሱ ይጻፉ። በዕለቱ ይጻፉት፤ ቢበዛ በማግስቱ።

ማስታወሻውን በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አያስቀምጡ። የተባረሩ ቀን ኮምፒውተሩም ኢሜይሉም ይዘጋብዎታል። ያለፉት ዓመታት የሥራ አፈጻጸም ውጤትዎን፣ የምስጋና ደብዳቤዎችን፣ የቅጥር ውልዎን ኮፒ ከወዲሁ ቤትዎ ያኑሩ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የደንበኞችን መረጃ ወይም የድርጅቱን ምስጢር ወደ ግል ኢሜይልዎ አይላኩ። ሊያባርርዎ ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበቡን በእጁ ሰጡት ማለት ነው። ድምፅ መቅዳትም በአንዳንድ አገር ወንጀል ነው። ሳያጣሩ አይቅዱ።

ቀስ በቀስ መገፋትን ቸል ማለት

«ትራንስ ስለሆንክ ተባረሃል» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ ብዙ የለም። አብዛኛው የሚገፋው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ከደንበኛ ፊት ያነሱዎታል። «ለእርስዎ ብለን ነው» ይሉዎታል። ቀጥሎ ፈረቃዎ ይቀየራል። ከዚያ ከስብሰባ ጥሪ ላይ ስምዎ ይጠፋል። ለዓመታት «በጣም ጥሩ» ይል የነበረ ግምገማ በድንገት «ማሻሻል ያስፈልጋል» ይላል። ሌላው አምስት ደቂቃ ሲያረፍድ የማይነካበት ቢሮ ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። በመጨረሻ «የመዋቅር ለውጥ አድርገናል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ከመዋቅሩ የወጣው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ቅሬታ ለማቅረብ ያሳፍራል። ዳኛ ፊት ክብደት የሚኖረው ሲደረደር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው ጊዜው ነው፦ ሽግግርዎን የተናገሩት መቼ ነው፣ ነገሩ መለወጥ የጀመረው መቼ ነው? ሁለተኛው ንጽጽሩ ነው፦ ያንኑ ጥፋት የሠራ ሌላ ሠራተኛ ምን ተደረገ? በተለይ በንጽጽሩ ላይ ይበርቱ። ስሜት አያከራክርም፤ ለአንዱ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌላው ዝምታ የሆነበት መዝገብ ግን መልስ ይፈልጋል።

የደረሰዎትን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ዝም ብለው አይቀበሉ። በትሕትና፣ በአጭሩ፣ በጽሑፍ ይመልሱ። የማይስማሙበትን ነጥብ ይጥቀሱ። ፈርሙ ከተባሉ «ደርሶኛል፣ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብለው መፈረም ይችላሉ።

በንዴት መልቀቅ፣ በድንጋጤ መፈረም

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ነው። ሰው ለወራት ችሎ ችሎ አንድ ቀን ይመረዋል። «ድብን በሉ» ብሎ መልቀቂያ ጽፎ ይወጣል። ማን ይፈርድበታል? ግን በገዛ እጁ የለቀቀ ሰው በብዙ አገር የሥራ አጥነት ድጎማ ሊከለከል ይችላል። የስንብት ክፍያም ሊቀርበት ይችላል። ተገፍቼ ነው የለቀቅኩት ብሎ መክሰስ የሚቻልባቸው አገሮች አሉ። ማስረዳቱ ግን ከተራ ስንብት ይከብዳል። መልቀቂያውን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ያማክሩ። ጤናዎ እየተጎዳ ከሆነ የሐኪም ፈቃድ ወስዶ ማሰብ ይቻላል።

ሌላው ወጥመድ የስምምነት ወረቀት ነው። ቢሮ ይጠሩዎታል፣ በር ይዘጋል፣ «ይህን ያህል ገንዘብ እንሰጣለን፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይባላሉ። በወረቀቱ ውስጥ «ወደፊት ምንም ክስ አላቀርብም» የሚል ቃል አለ። በዚያች ሰዓት አይፈርሙ። «አንብቤ እመለሳለሁ» ይበሉ። በብሪታንያ እንዲህ ያለው ስምምነት ሠራተኛው ከገለልተኛ አማካሪ የሕግ ምክር ካላገኘ አይጸናም። በአሜሪካ ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ የዕድሜ አድልዎ መብቱንም ጭምር እንዲተው ሲጠየቅ ቢያንስ 21 ቀን ማሰቢያ፣ ከፈረመ በኋላም ሐሳቡን የሚቀይርበት 7 ቀን ይሰጠዋል። ቅን የሆነ አሠሪ ሁለት ቀን ቢጠየቅ አይከለክልም።

ይርጋው እንዲያልፍ መተው

የአድልዎ ክስ የጊዜ ገደቡ አጭር ነው። በአሜሪካ ለእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽኑ ማመልከት የሚቻለው ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የስቴት ወይም የአካባቢ ፀረ አድልዎ ሕግ ባለበት 300 ቀን ይሆናል። በብሪታንያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ገደብ ከ3 ወር አንድ ቀን የጎደለ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ «ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍል) ቅሬታ አቅርቤያለሁ፣ መልሱን ልጠብቅ» ይላል። የውስጥ ቅሬታ በአሜሪካ ቀኑን አያቆምም። ኤችአር በትዕግሥት ሲያጠና ይርጋው ያልፋል። የውስጥ ቅሬታውን ያቅርቡ፤ የውጪውን ቀን ደግሞ ካላንደር ላይ ያስምሩበት።

ገንዘብና ኢንሹራንስን መዘንጋት

የኤሚ ስቲቨንስ ጉዳይ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ፍትሕ እስኪመጣ ሰው መብላት አለበት። ስለዚህ ለመናገር ቀን ሲቆርጡ የቁጠባዎን መጠን አብረው ይቁጠሩ። ጥቂት ወር የሚያቆይ ገንዘብ እስኪጠራቀም መናገሩን ማዘግየት ብልህነት ነው።

የጤና ኢንሹራንሱ በአሠሪ በኩል ከሆነ ሥራው ሲሄድ ሕክምናውም አብሮ ይሄዳል። በአሜሪካ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ድርጅት የወጣ ሰው ሙሉ ክፍያውን ራሱ እየከፈለ በኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር መቆየት ይችላል። ዋጋው ውድ ነው፤ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ሆርሞን የሚወስዱ ከሆነም ሥራ ጠፋ ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ወረቀቶችን በሁለት ስም ትቶ መውጣት

ስምዎን በሕግ ከቀየሩ የባንክ፣ የግብር እና የጡረታ መዝገብዎም ይከተል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአዲሱ ስም እንዲጻፍልዎ ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ። ከወጡ በኋላ ስልክ የሚያነሳ አይኖርም። ለአዲስ ቀጣሪ የድሮ ስምዎ ሳይፈቅዱ እንዳይገለጥ፣ ስለ እርስዎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሰው ማን እንደሆነ እና በየትኛው ስም እንደሚጠራዎት አስቀድመው ይስማሙ።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎት። ሊን ኮንዌይ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነበረች። በ1968 ሽግግሯን ለአሠሪዋ ለኮምፒውተር ኩባንያው ለአይቢኤም ስትናገር ተባረረች። በአዲስ ስም ስትጀምር የቀድሞ ሥራዋን መጥቀስ አልቻለችም። በኮንትራት ፕሮግራም ጸሐፊነት እንደ አዲስ ጀመረች። አይቢኤም ሳለች የፈጠረችው ነገር ለአሥርት ዓመታት ስሟ ሳይነሳ ቀረ። በኋላ ዓለም የኮምፒውተር ቺፕ የሚነድፍበትን መንገድ ከቀየሩት ሰዎች አንዷ ሆነች። አይቢኤም ይቅርታ የጠየቃት በ2020 ነው።

በአዲስ ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ለቀቅክ» ወይም «ለምን ለቀቅሽ» ሲባሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ከድርጅቱ ጋር ተለያይተናል፣ አሁን እንዲህ ያለ ሥራ እፈልጋለሁ» ይበሉ። የቀድሞ አለቃን በደል እዚያ መዘርዘር አያስቀጥርም። አይዋሹ ግን፤ የተጻፈ ውሸት በኋላ ለማባረሪያ ይሆናል።

የአለቆችና የባልደረቦች ስህተት

አለቃ ከሆኑ፣ የሠራተኛዎን ጉዳይ ሳያስፈቅዱ ለቡድኑ አይናገሩ። ስለ ሰውነቱ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው አይጠይቁ። «እንዳይከፋህ ብዬ ነው» ብለው ወደ ጓሮ ቢሮ አያዛውሩት፤ እሱ ራሱ አድልዎ ነው። ደንበኛ ተቃወመ ብሎ ሠራተኛን መቅጣትም ከተጠያቂነት አያድንዎትም።

ባልደረባ ከሆኑ ደግሞ ትልቁ ስህተት «እኔ ምን አገባኝ» ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ያየ ሰው ስለማይናገር ነው። ሥራዎን ፈርተው ከሆነ ይገባኛል። በአሜሪካ ሕግ በአድልዎ ጉዳይ የመሰከረን ሠራተኛ መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የብሪታንያም ሕግ ይከለክላል። ዛሬ ለመናገር ባይደፍሩ እንኳ ያዩትን በዕለቱ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለተበደለውም ሰው «አይቻለሁ፣ ጽፌዋለሁ» ይበሉት።